አሮጌውን ካርቡሬተር አትጣሉት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክቡር አዘጋጅ፦

ስለ አሮጌ መኪኖች ጭስ ወሬ በተነሳ ቁጥር፣ ድሬዳዋም ይሁን ሐረር፣ ፍርዱ አንድ ነው፤ «አርጅቷል፣ ምን ይደረግ» ይባልና ይታለፋል። ባለቤቱም የቤንዚኑ ወጪ ሲመርረው ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ አስመስለው የሠሩትን ርካሽ አዲስ ካርቡሬተር (ቤንዚንን ከአየር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚመግበውን ዕቃ) ያስገጥማል፣ ወይ የድሮውን ጄት (ቤንዚን ወይም አየር በልክ የሚያሳልፈውን ባለ ቀዳዳ የናስ ብሎን) በሽቦ ያስወጋል። ሁለቱም ኪስ ከማራቆት አያልፉም። በፔጆ 404፣ በቶዮታ ዲኤክስ፣ በቮልስ ወይም በባለ ቤንዚን ላንድክሩዘር ላይ ከፋብሪካ የመጣው ካርቡሬተር፣ አካሉ እስካልተሰነጠቀ ድረስ፣ በልኬት ቢታደስ አብዛኛውን ጊዜ ከቅጂው የተሻለ ይሠራል። ቅጂው ለየትኛው ሞተር እንደተለካ አይታወቅም፤ የውስጡ ጄትም ለእኛ ከፍታ አልተመረጠም።

ጉዳዩ አሁን ይበልጥ ይመለከተናል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ ባለ ቤንዚን መኪና ያለው ሰው በያዘው መኪና ሊከርም ነው። የሐረርን ታክሲነት ለአሥርተ ዓመታት የተሸከመው ፔጆ 404 ፈረንሳይ ውስጥ መመረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። 1,618 ሲሲ የሆነው ሞተሩ ኮምፒውተርም ሴንሰርም አያውቅም። ቤንዚኑን የሚመግበው ብዙውን ጊዜ ሶሌክስ ካርቡሬተር ነው፤ ያንን ደግሞ ልክ የሆነ ካቻቢቴና ትዕግሥት ያለው ሰው ጠረጴዛ ላይ ይፈታዋል።

ከመፍታት በፊት ግን ጥፋቱ በእርግጥ የካርቡሬተሩ መሆኑ ይታወቅ። ጥቁር ጭስ በደንብ ያልተቃጠለ ቤንዚን ነው። ሰማያዊ ጭስ ዘይት ነው። ሞተሩ ከሞቀም በኋላ የማይጠፋ ነጭ ጭስ ውሃ ወደ ሲሊንደር እየገባ መሆኑን ይናገራል። ሰማያዊ የሚያጨስ መኪና የሚፈልገው የፒስቶን ፋሻና የቫልቮላ ጎማ ነው፤ ካርቡሬተሩን አሥር ጊዜ ቢያድሱለት አይሰማም። ጥቁር ለሚያጨሰውም ቢሆን መጀመሪያ የአየር ፊልትሮው ይውጣ፤ በድሬዳዋ አቧራ የታፈነ ፊልትሮ እንደ ተዘጋ ቾክ (ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ አየር እንደሚቀንሰው ክዳን) ነው የሚሠራው። ቀጥሎ ካንዴላ፣ የፑንቲና ክፍተት (ለብዙዎቹ 0.40 ሚሊሜትር ገደማ ነው)፣ የእሳት ሰዓቱ (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ቅጽበት) እና የቫልቮላ ክፍተት ይስተካከሉ። እነዚህ ተዛብተው ካርቡሬተር የነካ መካኒክ ያንኑ ሥራ ሁለተኛ ይሠራዋል።

እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ስሕተት አለ። ብዙ ጤነኛ ሞተር «አልቋል» የተባለው የኮምፕሬሽን ጌጁ (የሲሊንደሩን ግፊት የሚለካው) በትክክል ስላልተነበበ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር፣ ሐረር 1,885 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። የአየሩ ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው ድሬዳዋ ላይ 87 በመቶ፣ ሐረር ላይ 80 በመቶ ያህል ነው። የኮምፕሬሽን ጌጅ ንባብም አብሮ ይወርዳል፤ ጅቡቲ ወደብ ላይ 10 ባር የሚያሳይ ሞተር ድሬዳዋ ሲደርስ 8.7፣ ሐረር ሲደርስ 8 ገደማ ቢያሳይ ምንም አልሆነም። የሞተሩን መሳብ የሚለካው የቫኪዩም ጌጅም እንዲሁ ነው። መጽሐፎቹ በሚኒሞ (ፔዳል ሳይረገጥ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር) ከ18 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ ይላሉ፤ በየ300 ሜትሩ 1 ኢንች ያህል ስለሚቀንስ ድሬዳዋ ላይ ከ14 እስከ 17፣ ሐረር ላይ ከ12 እስከ 15 መጠበቅ ነው። መታየት ያለበት ሲሊንደሮቹ እርስ በርስ መቀራረባቸውና የጌጁ መርፌ አለመንቀጥቀጡ ነው። ኮምፕሬሽን ሲለካ ደግሞ የቤንዚን ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ይረገጥ፤ አለዚያ ጌጁ ያለ ጥፋት ዝቅ ይላል።

ጥፋቱ የካርቡሬተሩ መሆኑ ሲረጋገጥ የባትሪው ኔጋቲቭ ይነሳ፤ ሞተሩ ይቀዝቅዝ። እያንዳንዱ ቱቦና ዘንግ ከመነቀሉ በፊት በስልክ ፎቶ ይነሳ። ካርቡሬተሩ ሲወጣ የማኒፎልዱ (ድብልቁን ወደ ሲሊንደሮቹ የሚያደርሰው ቧንቧ) አፍ ወዲያው በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈን፤ እዚያ የገባች አንዲት ዳዶ ቴስታታ (የሞተሩን የላይ ክፍል) ታስነሳለች። መፍታት ያለበት ጠርዝ ባለው ነጭ ትሪ ላይ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በቶዮታዎቹ አይሳን ካርቡሬተር ውስጥ ከማፍጠኛው ፓምፕ ሥር ትንሽ የብረት ኳስ አለች፤ አካሉ ሲገለበጥ ሳትታይ ትወድቃለች። ያለ እሷ የተገጠመ ፓምፕ ቤንዚኑን አየር ወደሚያልፍበት ጉሮሮ በመርጨት ፋንታ ቤንዚን ወደሚጠራቀምበት ሳህን ይመልሰዋል፤ መኪናውም ፔዳል ሲረገጥ ያንቃል። ባለቤቱ «ከታደሰ ጀምሮ ባሰበት» ከሚልባቸው ምክንያቶች አንዷ ይህች ኳስ ናት።

የናስ ጄቶቹን ለመፍታት የካቻቢቴው ምላስ ከመሰንጠቂያው ጋር በወርድም በውፍረትም እኩል መሆን አለበት። ካልሆነ በሞረድ ይስተካከል። አልፈታ ያለ ጄት አካሉ በፈላ ውሃ ከሞቀ በኋላ ይሞከራል እንጂ በመዶሻ አይመታም።

ስለ ማጠብ ጥቂት ልበል። የካርቡሬተር ማጠቢያ ስፕሬይ ከተገኘ መልካም፤ ካልተገኘ አካሉ ንጹሕ ቤንዚን ውስጥ አድሮ በለስላሳ ብሩሽ ይታጠባል። እሳት፣ ሲጋራና ብልጭታ ከአካባቢው ይራቁ። የማይነካው ነገር ኮስቲክ ሶዳ ነው። የካርቡሬተር አካል የዚንክና የአልሙኒየም ቅልቅል ስለሆነ ሶዳው ይበላዋል፤ ነጭ ዱቄት ሆኖ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ይቀራል። ሎሚና ኮምጣጤም ቢሆኑ ለዚንክ አይበጁም፤ የሚያብረቀርቅ ነገር ሁሉ ንጹሕ አይደለም። ከታጠበ በኋላ እያንዳንዱ መተላለፊያ በኮምፕሬሰር ይነፋ፤ አየሩ በአንዱ በኩል ገብቶ በሌላው መውጣቱ በጣት ይዳሰስ። ጎማና ዲያፍራም ያለበት ቦታ ግን አስቀድሞ ተፈትቶ ካልወጣ አይነፋ፤ ይቀደዳል። በተለይ የሚኒሞው መተላለፊያ ቀጭን ስለሆነ ቶሎ ይደፈናል፤ በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጥ ቤንዚን የሚቀዳ መኪና ላይ ደግሞ ይህ የተለመደ ነው።

አሁን ወደ ሽቦው ልምጣ። ጄቱ ላይ የተቀረጸው ቁጥር የቀዳዳው ዲያሜትር ነው፤ በሶሌክስ 130 ማለት 1.30 ሚሊሜትር ማለት ነው። 1.30 የነበረው በብረት ሽቦ ተፍቆ 1.40 ቢደርስ ዐይን አይለየውም። የሚያሳልፈው ቤንዚን ግን በዲያሜትሩ ሳይሆን በቀዳዳው ስፋት ነው፤ ስፋቱ 16 በመቶ አድጓል። የመኪናው ፍጆታ ለምን ሰማይ እንደ ወጣ ሌላ ምክንያት መፈለግ አያስፈልግም። ጄት የሚጠረገው በቤንዚንና በአየር ነው፤ ግድ ከሆነ በዓሣ ማጥመጃ ናይለን ክር። የተጠረጠረ ጄት በቀጭን የትራፓኖ መሰርሰሪያ ለስላሳ ጀርባ ይለካል፤ የ1.30ው ገብቶ የ1.35ቱ እምቢ ካለ ጄቱ ደህና ነው። ሁለቱም ከገቡ ይጣል። የቤንዚኑና የአየሩ ጄት ቦታ እንዳይቀያየርም ልብ ይባል። የቤንዚኑ ጄት ቁጥር ሲያድግ ድብልቁ ይወፍራል (ቤንዚኑ ይበዛል)፤ የአየሩ ሲያድግ ይሳሳል።

ብዙ ጋራዥ «ካርቡሬተር አደስኩ» ሲል ያጠበው እንጂ ያደሰው አይደለም። ልዩነቱ የሚታየው የጉሮሮውን ክዳን በሚያዞረው ዘንግ ላይ ነው። ይህ ዘንግ በየቀኑ ሺህ ጊዜ ይዞራል፤ አቧራና ቤንዚን ተቀላቅለው እንደ ብርጭቆ ወረቀት አካሉን ይፈገፍጉታል። ቀዳዳው ይሰፋል፣ ከጎን ያልተለካ አየር ይገባል፣ ሚኒሞ ይንቀጠቀጣል። መካኒኩም የሚኒሞውን ድብልቅ አወፍሮ ሊሸፍነው ይሞክራል፤ መኪናው ቆሞ ሲሠራ ያጨሳል፣ ሲሄድ ይነጥቃል። መፈተኛው ቀላል ነው። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ በዘንጉ ሁለት ጫፎች ላይ በጣም ጥቂት የካርቡሬተር ስፕሬይ ይነፋ፤ የሞተሩ ዙር ከተለወጠ አየር እየገባ ነው። የጋለው የጭስ ማውጫ አጠገብ ስለሆነ ግን በጠብታ እንጂ በጅረት አይሆንም። ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ዘንጉ ወደ ላይና ወደ ታች ተገፍቶ ከ0.2 ሚሊሜትር በላይ ከተላወሰ ሥራ ይፈልጋል።

መድኃኒቱ የናስ ቦኮላ (ዘንጉ ውስጡ የሚዞርበት ቀለበት) ነው። ዘንጉ 8 ሚሊሜትር ከሆነ የአካሉ ቀዳዳ ወደ 10 ሚሊሜትር ይሰፋና ውስጡ ለዘንጉ ያለ ጭንቅ የሚዞር፣ ውጪው ለአካሉ ተጫኖ የሚገባ ቦኮላ ይገጠማል። ሁለቱ ቀዳዳዎች በአንድ መስመር ላይ መዋል ስላለባቸው ይህ የእጅ ትራፓኖ ሥራ አይደለም፤ ቶርኖ ቤት ይወሰድ። ድሬዳዋ የምድር ባቡር ከተማ በመሆኗ የቶርኖ እጅ የሚታጣባት አገር አይደለችም፤ የሚታጣው ሥራውን ለመላክ የሚያስብ መካኒክ ነው። ክዳኑ ከመውጣቱ በፊት የትኛው ጎኑ ወደ ላይ እንደሆነ በጭረት ምልክት ይደረግ፤ ጠርዙ ሰያፍ ተሞርዶ የተሠራ ስለሆነ ቢገለበጥ አይዘጋም። የክዳኑ ጥቃቅን ብሎኖች ጫፋቸው ከፋብሪካ የተቀጠቀጠ ነው፤ ጫፉ በሞረድ ካልተነሳ ብሎኑ ዘንጉን ቆርጦ ይወጣል። ሲመለስ ብሎኖቹ ላላ ብለው ይገቡና ክዳኑ ብዙ ጊዜ ተዘግቶ ተከፍቶ ራሱን ካማከለ በኋላ ይጠበቃሉ። ወደ ብርሃን ሲታይ ዙሪያው እኩል መሆን አለበት። አዲስ ብሎን ገብቶ ጫፉ ይቀጥቀጥ ወይም የብሎን ማጣበቂያ ይደረግበት። ከዚያ የወደቀ ብሎን ቀጥታ የሚሄደው ሲሊንደር ውስጥ ነው።

ቀጥሎ የመግጠሚያው ፊት ነው። «አየር እንዳይገባ» ተብሎ ብሎኑ ከመጠን በላይ ሲጠብቅ የካርቡሬተሩ ጆሮዎች ይጎብጣሉ፤ አየር የሚገባውም በዚያው ምክንያት ነው። አካሉ በወፍራም የመስኮት መስታወት ላይ ይቀመጥ፤ ሥሩ 0.10 ሚሊሜትር ፊለር (የክፍተት መለኪያ ስስ ብረት) የሚገባበት ከሆነ ጎብጧል። መስታወቱ ላይ 320 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት አንጥፎ የስምንት ቁጥር ቅርጽ እየሠሩ በቀላሉ ማሸት ያስተካክለዋል። ሞረድ አይነካውም።

ጓርኒሲዮንን (በሁለት ፊቶች መካከል የሚገባውን ማሸጊያ) በተመለከተ ሲሊኮን ጠላት ነው። ቤንዚን ያቀልጠዋል ወይም ያሳብጠዋል፤ ተቆርሶ ሲንሳፈፍ የሚያርፈው ጄቱ አፍ ላይ ነው። ከ0.5 እስከ 0.8 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የጓርኒሲዮን ወረቀት ተገዝቶ የአሮጌው ቅርጽ ይቀዳበት፤ ቀዳዳዎቹ በፐንች ይበሱ። እያንዳንዷ ትንሽ ቀዳዳ መተላለፊያ ስለሆነች አንዲት እንኳ ብትረሳ ሚኒሞ ወይም ማፍጠኛ ፓምፕ ይሞታል።

ሳህኑ ውስጥ የቤንዚኑን ከፍታ የሚጠብቀው ተንሳፋፊ ሌላው የጥቁር ጭስ ምንጭ ነው። የናስ ተንሳፋፊ ጆሮ አጠገብ ይናጥ፤ ውስጡ ቤንዚን ካለ ይሰማል። ካልተሰማም ሙቅ ውሃ ውስጥ ይደፈቅ፤ ፊኛ የሚወጣበት ቦታ ቀዳዳው ነው። ውስጡ ያለው ቤንዚን በሙቅ ውሃ ሙሉ በሙሉ ተንኖ ሳይወጣ ብየዳ እንዳይጠጋው፤ ይፈነዳል። ሲደፈንም በቆርቆሮ ጠብታ ብቻ ነው። ብዙ ቆርቆሮ ተንሳፋፊውን ያከብደዋል፣ የከበደ ተንሳፋፊ ዝቅ ብሎ ይንሳፈፋል፣ የቤንዚኑ ከፍታ ይጨምራል፣ መኪናው እንደገና ያጨሳል። ቤንዚን የጠጣ የፕላስቲክ ተንሳፋፊ አይጠገንም።

በተንሳፋፊው ተገፍቶ የቤንዚኑን መግቢያ የሚዘጋው መርፌ ጫፉ ላይ ክብ መስመር ከወጣበት ከነመቀመጫው ይቀየር፤ መርፌ ብቻ መቀየር ግማሽ ሥራ ነው። ሲገጠም የሳህኑ ክዳን ተገልብጦ በተንሳፋፊው ክብደት ብቻ እንደተዘጋ በቤንዚን መግቢያው በአፍ ይነፋ፤ ትንፋሽ ማለፍ የለበትም። የቤንዚኑ ከፍታ በማንዋሉ ቁጥር መሠረት ይስተካከል፤ የ1 ሚሊሜትር ልዩነት ይታወቃል። በብዙ ሶሌክሶች ይህ የሚደረገው ከመርፌው መቀመጫ ሥር ባለው የመዳብ ዋሸር ውፍረት ነው፤ ወፍራም ዋሸር ከፍታውን ያወርዳል። በአይሳኖቹ ግን የተንሳፋፊው ምላስ ይታጠፋል፤ ሞተሩ ሲሠራ በትንሿ የመስታወት መስኮት ቤንዚኑ መሃሉ ላይ መታየት አለበት።

ሁሉም ልክ ሆኖ ቤንዚን አሁንም የሚትረፈረፍ ከሆነ ፓምፑ ይታይ። ካርቡሬተር የሚፈልገው ከ0.15 እስከ 0.3 ባር ግፊት ነው። የሞተሩ የራሱ ፓምፕ ሲበላሽ ከኢንጀክሽን መኪና የወጣ የኤሌክትሪክ ፓምፕ የሚገጥሙ አሉ፤ እሱ 3 ባር ያህል ይገፋል፤ የትኛውም መርፌ አይችለውም። ይህ የእሳት አደጋም ነው።

የማፍጠኛው ፓምፕ ዲያፍራም ወደ ብርሃን ተደርጎ ይታይ፤ ሲታጠፍ የተሰነጠቀ ከመሰለ ይቀየር። በአይሳኖቹ ቆዳ ወይም ጎማ ያለው ፒስቶን ነው፤ የደረቀ ቆዳ በሞተር ዘይት ረጥቦ ሊመለስ ይችላል፤ ጎማ ግን አይመለስም። ሲጨርሱ የጉሮሮው ክዳን ሲከፈት ቤንዚኑ ወዲያውኑ፣ ሳይዘገይ፣ ወደ ጉሮሮው መርጨት አለበት። አሥር ምት በመርፌ ሲሪንጅ ተሰብስቦ ለአሥር ሲካፈል የአንዱ ምት ልክ ይገኛል። ቾኩ ደግሞ ሲገፋ ሙሉ በሙሉ መከፈቱን ማየት ብቻ ነው፤ በአንዳንድ የቆዩ ሶሌክሶች ቾኩ ክዳን ሳይሆን በጎን ያለ ባለ ቀዳዳ ዲስክ ስለሆነ ገመዱ ሳይመለስ ቢቀር ከላይ አይታይም፤ መኪናው ቀኑን ሙሉ ቾክ ተስቦ ይውላል። የሚኒሞ መቁረጫ ሶሌኖይድ (ቁልፍ ሲዘጋ የሚኒሞውን ቤንዚን የሚዘጋ የኤሌክትሪክ ዕቃ) ያለው ካርቡሬተር ላይ ቁልፍ ሲከፈት «ጠቅ» ማለቱ ይሰማ። ካላለ ሽቦው ይታይ፤ ሚኒሞ ላይ ብቻ የሚጠፋ መኪና ብዙ ጊዜ ችግሩ ይኸው ነው።

በካርቡሬተሩና በማኒፎልዱ መካከል ያለውን ጥቁር ባክላይት ማገጃ የሚጥሉ አሉ፤ «ተሰነጠቀ» ብለው። ለደጋ አገር ምናልባት ይታለፍ ይሆናል፤ ለድሬዳዋ ግን አይሆንም። ያ ማገጃ የሞተሩን ሙቀት ከቤንዚኑ ሳህን የሚከለክለው እሱ ብቻ ነው። ያለ እሱ ቀትር ላይ ከዚራ ቆሞ ሩብ ሰዓት ያረፈ መኪና ቤንዚኑ ሳህኑ ውስጥ ፈልቶ ወደ ጉሮሮው ይፈስና አልነሳም ይላል። ሾፌሩ ፔዳሉን እየደጋገመ ሲመታው ይባስ ይሰጥማል። ማድረግ ያለበት ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ረግጦ ሳይለቅ ሞተሪኖውን ማዞር ነው፤ ትርፉ ቤንዚን ይወጣና ይነሳል። የቤንዚን ቱቦው የጭስ ማውጫውን የሚነካ ከሆነ ይራቅ፤ በማገጃው ላይና ታች አዲስ ጓርኒሲዮን ይደረግ። ቱቦው ላይ እርጥብ ጨርቅ መጠምጠም ለዕለት ያሻግራል፤ መፍትሔ ግን አይደለም።

ከተገጠመ በኋላ የሚኒሞ ድብልቅ ቡሎን እስኪነካ ብቻ ይዘጋና (ቢጠብቅ ጫፉ ይጎዳል) ከአንድ ዙር ተኩል እስከ ሁለት ዙር ተኩል ይከፈት። ሞተሩ በደንብ ይሙቅ። ከዚያ ቡሎኑ ሩብ ሩብ ዙር እየተዘጋ ሞተሩ መንገዳገድ ሲጀምር ይቁም፤ ቀስ እያለ ይከፈትና የቫኪዩም ጌጁ ከፍተኛውን ቁጥር ያሳየበት ቦታ ልኩ ነው። ዙሩ በሌላው ቡሎን ይስተካከል፤ ሁለቱ ተራ በተራ ሁለት ሦስት ጊዜ ይነካኩ። ቦሎ ሊታደስ ሲል ይህንን ቡሎን ዘግቶ ማለፍ የተለመደ ነው። የሚያከሳው ግን የሚኒሞውን ብቻ ነው፤ ዳገት ላይ የሚያጨሰው ዋናው ጄት አልተነካም።

ስለ ዋናው ጄትና ስለ ከፍታችን ነው ወጣት መካኒኮች በጣም እንዲያውቁት የምፈልገው። ካርቡሬተር አየር ሲሳሳ ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም፤ አየሩ በ10 በመቶ ሲሳሳ ድብልቁ በ5 በመቶ ገደማ ይወፍራል። ለባሕር ጠለል የተመረጠ ጄት ስለዚህ በሁለቱም ከተሞቻችን ከ10 በመቶ በላይ ቤንዚን ያበዛል። «ድሬዳዋ ቆላ ናት፣ ለሐረር የተለየ ጄት ያስፈልጋል» የሚሉ አሉ፤ ስሌቱ ግን እንደዚያ አይልም። ድሬዳዋ በ35 ዲግሪ፣ ሐረር በ20 ዲግሪ ሙቀት ላይ ሲሆኑ የአየሩ ጥግግት ልዩነት 3 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ የድሬዳዋ ሙቀት ራሱ አየሩን ስለሚያሳሳው። የድብልቁ ልዩነት ከ2 በመቶ አይበልጥም። በሁለቱ ከተሞች መካከል የሚመላለስ መኪና አንድ ጄት ይበቃዋል ማለት ነው።

ዋናው ጄት 130 የሆነ መኪና ወደ 125 ቢወርድ ቀዳዳው 7.5 በመቶ ይጠባል፤ 122.5 ቢሆን 11 በመቶ። በ125 ይጀመር፤ ካንዴላው ከፈቀደ ወደ 122.5 ይወረድ። ከዚያ በታች ለመሄድ መቸኮል ቫልቮላ ያቃጥላል፤ በተለይ የተጫነ መኪና ወደ ደንገጎ ሲወጣ። ትንሽ ቁጥር ያለው ጄት ካልተገኘ አሮጌው በቆርቆሮ ተደፍኖ በእጅ በሚዞር ቀጭን መሰርሰሪያ በልኩ ይበሳል። አስቀድሞ ግን በፊት የነበረው መካኒክ ጄቱን ነክቶት እንደሆነ ይለካ፤ ቁጥሩ ላይ 130 ተጽፎ ቀዳዳው 1.45 የሆነ ጄት ያለበትን መኪና በስሌት ማከም አይቻልም።

ፍተሻው የሚደረገው መንገድ ላይ ነው። ከድሬዳዋ ወደ ደንገጎ ያለው ዳገት ለዚህ የተሠራ ይመስላል። መኪናው የተለመደ ጭነቱን ይዞ በአዲስ ካንዴላ ይውጣ፤ ላይ ደርሶ ሜዳ ቦታ ሲያገኝ ከመንገድ ወጥቶ ይቁምና በሚኒሞ ሳይቆይ ወዲያው ይጥፋ። በሚኒሞ ከቆየ ካንዴላው የሚናገረው የሚኒሞውን እንጂ የዳገቱን አይሆንም። የካንዴላው ሸክላ ፈካ ያለ ቡናማ ከሆነ ጄቱ ተስማምቷል። ደረቅ ጥቀርሻ ከሸፈነው አሁንም ቤንዚን በዝቷል። ከነጣ ወይም ጥቃቅን ፍንጣቂ ከታየበት ቤንዚን አንሶታል፤ ጄቱ በአንድ ቁጥር ይመለስ። ዘይት ካረጠበው ጉዳዩ የፋሻ ነው፤ ካርቡሬተሩን መነካካት ይቁም።

ለጋራዥ ባለቤቶች አንድ ጥያቄ አለኝ። ሥራው ሲያልቅ የገባው የቤንዚንና የአየር ጄት ቁጥር፣ የተንሳፋፊው ከፍታና የዘንጉ ቦኮላ ተቀይሮ እንደሆነ ደረሰኙ ላይ ይጻፍ፤ የወጣው አሮጌ ዕቃም ለባለቤቱ ይሰጥ። መኪናው ነገ ሌላ እጅ ላይ ሲወድቅ ቀጣዩ መካኒክ ከየት እንደሚጀምር ያውቃል፤ የቴክኒክና ሙያ ተማሪም ከአንድ እንዲህ ካለ ደረሰኝ ብዙ ይማራል። ባለ መኪኖችም «አድሰሃል ወይ» ከማለት «ዘንጉን ለካኸው ወይ፣ ጄቱ ስንት ነው» ብላችሁ ጠይቁ።

ከአክብሮት ጋር
የጋራዥ ባለሙያ፣ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን